ዝንብ ማሰር

አትሳቂ ሽታዬ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣
ዝንብ ነው የማስረው፤ ነይ ቁጭ በይ ላሳይሽ።
"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲሉ ሰምተሽ የለ?
ሱር ላይ አንበሳ የለም። ያለኝ ክር ለዝንብ ዋለ።

የጀመረው እንዲህ ነው፦ ኡስታዝ ሑመይድ መጣ፣
ጡረታ የወጣ መምህር፤ ከኪሱ አወጣ
አንዲት የተፈታች፣ ጸጉሯ የረገፈ፣
መንጠቆ ላይ ያለች ነገር፣ ጫፏ የጎደፈ።
"ዓባያ ትሰፊ የለ? ይችንም ስፊልኝ፣
ዓይኔ ደከመብኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ።"
ምንድን ናት? ብለው፣ "ዓሣ የምትሸነግል ዝንብ ናት፣ የውሸት"፤
እንዳንቺው ሳቅሁበት። እሱ ግን ቆመ፣ በትዕግሥት።

ዕቃውን ብትጠይቂ መስቀት ይሸጣል አሉ፣
መንጠቆ የሚነክሰው ጉጠት ብቻ፣ ሳይጨመር ሌላው ሁሉ፣
አርባ አምስት ሪያል! የኔ ወር ዘጠና ነው፤
ከዘጠናው ስልሳው የሐርቡን መንገድ ነው የሚያውቀው።

እና ምን አደረግሁ? አልገዛሁም። ለቀምሁ።
ከቧንቧ ሠሪው ከሺጁ የዛገ ፒንሳ ለመንሁ፣
እጀታውን በላስቲክ ጠፍሬ አጠበቅሁት፣
ከስፌት ጠረጴዛዬ ጠርዝ በሁለት ብሎን አሰርሁት።
አንዴ ከነከሰ አይለቅም፤ እንደ አሠሪ ነው።
ክሩ ከወለሉ፣ ማታ ተጠርጎ ከሚጣለው።

ላባ? ዶሮ አራጁ ጋ ሂጂ፣ ሐሙስ ማታ፤
ከቀይ አውራ ዶሮ አንገት፣ ረጅሙን፣ በዝግታ
ለምነሽ ንቀይ። እጠቢው በኦሞ፣ ጥላ ላይ አስጪው፣
የሱር ፀሐይ ካየው ገለባ ነው የምታገኚው።
የፍየል ጸጉር ከሥጋ ቤት፣ ነጩን፣ ከጅራቷ፤
ብልጭልጩ ከሙሽራ ዓባያ፣ የተረፈ ከደረቷ።
ሙጫሽ የጥፍር ቀለም ነው፣ ቀለም የሌለው ዓይነቱ፤
ሁለት መቶ ባይሳ። የገዛሁት እሱን ብቻ ነው፣ በእውነቱ።

የመጀመሪያዋ — ምን ልበልሽ — አይጥ መሰለች።
ሁለተኛዋ ላባዋ ዞሮባት ሆዷን ታቅፋ ዋለች።
ሦስተኛዋን ስስብ ክሩ ተበጠሰ፤
የአሥር ዓመት ሰፊ ነኝ! ኩራቴ ፈረሰ።

ምስጢሩን ልንገርሽ፦ ክር ሲላላ ይከዳል፣
ሲጠብቅ ይበጠሳል፤ መሐሉን ጣት ይለምዳል።
አንዲት ዓይነት ብቻ ምረጪ፣ ሃያ ጊዜ እሰሪያት፤
ያላማረችውን በምላጭ ግፈፊ፣ መንጠቆዋን ግን አትጣያት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኡስታዝ ወደ ኾሩ ወሰደኝ፣
ውኃው ሲሸሽ፣ ጀልባ በጎኑ ሲተኛ አሳየኝ።
ወረወረ። ጎተተ። ወረወረ። ጎተተ።
ከጀልባ ጥላ ሥር ሆኜ ቆጠርሁ፤ ቁጥሩም ታከተ።

"በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ትል ነበር እናቴ፤
ያ ዓሣ አፉን ከፈተ፣ ርዝማኔው እስከ ጉልበቴ።
ገመዱ ጮኸ፣ ሽማግሌው እንደ ልጅ ሳቀ፤
ሲወጣ አየሁት፣ ከከንፈሩ ጥግ ብልጭ ያለው፣ የደመቀው፣
የሙሽራዋ ትራፊ ነው።

ዝም አልሁ፣ ሽታዬ። አንድ ነገር ዞረ በሆዴ፦
እኔም ብልጭ ያለ አይቼ ነው የመጣሁት፣ ደላላ ያሰረው በዘዴ።

ዓሣውን ግን ለቀቀው፤ ዝንቧን ነቅሎ፣ በእርጋታ።
እኔ ለእራት አስቤው ነበር! ሩዝ ላይ፣ በቃሪያ፣ ያን ማታ።

አሁን አንዷ ግማሽ ሪያል ናት፤ ሦስት ደንበኛ አለኝ፤
ሀብት እንዳይመስልሽ፤ ለስልክ ካርድ በቃኝ።
ያቺ የመጀመሪያዋ አይጥ? ያቻትና፣ ከመብራቱ ተንጠልጥላ፤
ማራገቢያው ሲዞር ትዞራለች፣ ግድግዳው ላይ ጥላ ጥላ።

ነይ፣ ፒንሳው ባዶ ነው። ክሩን ያዥ፣ አታጥብቂ።
መጀመሪያ የሚወጣልሽ አይጥ ነው። ያኔ ሳቂ።